የጨዋማ ውኃ አኳሪየም ዓሦች ጥገኛ ተውሳኮች፦ አለያየታቸውና ሕክምናቸው

የጨዋማ ውኃ ዓሦችን በብዛት የሚገድሉት ጥገኛ ተውሳኮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአንዱ መድኃኒት ግን ለሁሉም አይሠራም። መዳብ ነጭ ነጠብጣብና ቬልቬት የተባሉትን ተውሳኮች ያጠፋል፤ ብሩክሊኔላ የተባለውን አይነካውም። የውኃውን ጨው መቀነስ ነጭ ነጠብጣብንና ጠፍጣፋ ትሎችን ይገድላል፤ ቬልቬት ግን በዚያው ውኃ ውስጥ ይራባል። ፕራዚኳንቴል የትል መድኃኒት ነው፤ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ላይ አቅም የለውም። ስለዚህ ዓሣው ስለታመመ ብቻ ያገኙትን መድኃኒት ውኃ ውስጥ መጨመር ጊዜ ይበላል፤ ቬልቬት ከሆነ ደግሞ በእጃችሁ ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር፣ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ተውሳኩን የሚመቱት በሕይወቱ አንድ ደረጃ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። የነጭ ነጠብጣብ ተውሳክ ከዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መዳብ አይደርስበትም፤ ወርዶ በሽፋን ሲዘጋም አይደርስበትም። የሚሞተው ከሽፋኑ ወጥቶ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። ሕክምናው ሳምንታት የሚፈጀውና በመካከሉ ሊቋረጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመድኃኒት በፊት ማየት

መብራት ከመብራቱ በፊት በእጅ ባትሪ ከጎን በኩል አብሩና ዓሣውን በአግድም ብርሃን ተመልከቱ። ከላይ በሚመጣ ብርሃን የማይታይ ደቃቅ ነገር በዚህ አኳኋን ይታያል። ከዚያ የስንጥቡን ክዳን እንቅስቃሴ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። መደበኛው ቁጥር እንደ ዝርያው ስለሚለያይ፣ ዓሣው ጤነኛ ሳለ ቆጥሮ መጻፍ ትልቅ ጥቅም አለው። ቁጥሩ በጉልህ ከጨመረና ቆዳው ንጹሕ ከሆነ፣ ተውሳኩ ስንጥቡ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

የነጭ ነጠብጣብ ተውሳክ ሳይንሳዊ ስሙ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ ነው። ነጠብጣቦቹ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላሉ፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚሆኑ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ዓሣው በድንጋይ ላይ ይታሻል፣ ክንፎቹን ይሰበስባል፤ ምግብ ግን ብዙ ጊዜ አያቆምም። ነጠብጣቦቹ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ራሳቸው ይጠፋሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዓሣው ዳነ ማለት አይደለም። ተውሳኩ ጠግቦ ወርዷል፤ አሸዋውና ድንጋዩ ላይ በሽፋን ተዘግቶ እየተከፋፈለ ነው። ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ቁጥሩ በዝቶ ይመለሳል።

ቬልቬት፣ ማለትም አሚሉዲኒየም ኦሴላተም፣ ከዚህ ሁሉ የከፋው ነው። የሚጀምረው ከስንጥብ ስለሆነ ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ዓሣው ሊሞት ይችላል። ሲታይም የሚቆጠር ነጠብጣብ የለውም፤ ደቃቅ፣ ወርቃማ ወይም ግራጫ ብናኝ ነው። ጠባዩ ከመልኩ ይበልጥ ይናገራል፦ ዓሣው ብርሃን ይሸሻል፣ ፓምፑ ከሚገፋው ውኃ ፊት ለፊት ቆሞ ይዋኛል፣ ምግብ ይተዋል፣ በፍጥነት ይተነፍሳል። እነዚህ አንድ ላይ ከታዩ ነጠብጣብ እስኪወጣ አትጠብቁ።

ብሩክሊኔላ ሆስቲሊስ በተለይ ክላውንፊሽን ያጠቃል፤ ከባሕር ተይዘው የመጡት ላይ ይበረታል። ቆዳው ነጭ ልጋግ ያወጣል፣ ልጋጉም እየተላጠ በውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ከዓሣ ላይ ሳይወርድ እዚያው ለሁለት እየተከፈለ ስለሚራባ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል።

ዩሮኔማ ማሪነም ጎን ላይ ቀይ፣ የተቀጠቀጠ የሚመስል ቁስል ያወጣል፤ በቁስሉ ዙሪያ ቅርፊቱ ይረግፋል። ክሮሚስና አንቲያስ የተባሉት ዓሦች በተደጋጋሚ ይያዛሉ። ቁስሉ ወጥቶ ከታየ ተውሳኩ ብዙ ጊዜ ጡንቻ ውስጥ ገብቷል፤ ያኔ የመዳን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ጠፍጣፋ ትሎች ሁለት ዓይነት አሠፋፈር አላቸው። የቆዳና የዓይን ትሎች፣ ለምሳሌ ኒዮቤኔደኒያ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ፤ ሆኖም ብርሃን አሳላፊ ስለሆኑ ዓሣው ላይ ሳሉ አይታዩም። የሚታየው የደፈረሰ ዓይን፣ መታሸትና ራስ ማራገፍ ነው። የስንጥብ ትሎች ደግሞ ዓሣውን ደጋግሞ ያዛጋሉ፤ አንዳንዴ በአንድ ወገን ስንጥብ ብቻ ይተነፍሳል። ቢጫ ታንግ በተባለው ዓሣ ላይ የሚወጡት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ሌላ ዓይነት ትሎች ናቸው፤ በንጹሕ (ጨው በሌለው) ውኃ መንከርና በፕራዚኳንቴል ይታከማሉ፤ እምብዛም አይገድሉም።

የአንጀት ተውሳክ የያዘው ዓሣ ደህና እየበላ ይከሳል፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ነጭና ክር የሚመስል ዐይነ ምድር ይጥላል። አንድ ቀን የታየ ነጭ ዐይነ ምድር ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ምግብ ያልበላ ዓሣም እንደዚያው ያወጣል።

ተውሳክ ሳይሆኑ የሚያሳስቱም አሉ። ሊምፎሲስቲስ ቫይረስ ነው፤ ክንፍ ጫፍ ላይ የአበባ ጎመን መልክ ያለው እብጠት ያወጣል፣ ለሳምንታት ቦታውን አይለቅም። የነጭ ነጠብጣብ ነጥብ ግን በቀናት ውስጥ ቦታ ይለውጣል። የአሸዋ ቅንጣትና የአየር አረፋም ክንፍ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ማየት ይለያቸዋል።

ማይክሮስኮፕ ካለ

ከ40 እስከ 100 እጥፍ የሚያጎላ ተራ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ዓሣውን በእርጥብ ጓንት ያዙ፣ በመሸፈኛ መስታወት ጠርዝ ከራስ ወደ ጅራት አቅጣጫ ልጋጉን በቀስታ ጥረጉ፣ ከዚያው ገንዳ በተቀዳ አንድ ጠብታ ውኃ ላይ አኑሩና ወዲያው ተመልከቱ። የቧንቧ ውኃ ከተጠቀማችሁ የምትፈልጉት ነገር ፈንድቶ ይጠፋል።

ክሪፕቶካርዮን ክብ ነው፣ ዙሪያውን ፀጉር አለው፣ በዝግታ ይሽከረከራል። አሚሉዲኒየም ጠቆር ያለ፣ የዕንቁላል ወይም የፒር ቅርጽ ያለው፣ ተጣብቆ የማይነቃነቅ ነው። ብሩክሊኔላ የኩላሊት ቅርጽ አለው፤ በሕዋሳቱ ላይ ይንሸራተታል። ዩሮኔማ አነስ ያለ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ሲሆን በፍጥነት ይዋኛል። ጠፍጣፋ ትል ከሆነ፣ በኋለኛው ጫፉ ያሉት መንጠቆዎች ይታያሉ።

በንጹሕ ውኃ መንከር

ይህ መመርመሪያም ማስታገሻም ነው። በተቃራኒ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ በባልዲ አዘጋጁ። ሙቀቱን ከገንዳው ጋር እኩል አድርጉ፣ በቤኪንግ ሶዳ ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ወደ 8.2 አምጡ፣ የአየር ድንጋይ ከትታችሁ ለ30 ደቂቃ አናፍሱት። ዓሣው በሙቀትና በፒኤች ልዩነት የሚጎዳውን ያህል በጨው አለመኖር አይጎዳም። ከዚያ ዓሣውን ለ5 ደቂቃ ክተቱት። መጀመሪያ ላይ መረበሽ ወይም በጎን መተኛት ሊኖር ይችላል፤ ስንጥቡ መንቀሳቀሱን ካቆመ ግን ወዲያው አውጡት።

የባልዲው ወለል ጥቁር ቢሆን ይመረጣል። ትል ካለ ውኃው ሲነካው ወደ ነጭ ይለወጥና ይረግፋል፤ ከታች ሰሊጥ የሚያክሉ ነጭ ነገሮች ታያላችሁ። መንከር የቬልቬትንና የብሩክሊኔላን ሸክም ለጊዜው ይቀንሳል፤ ነጭ ነጠብጣብ ግን ከቆዳ ሥር ስለተሸሸገ አይወርድም። የትኛውንም ቢሆን በመንከር ብቻ አታድኑም።

የሕክምና ገንዳ

ሕክምና በዋናው ገንዳ አይደረግም። መዳብ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋውም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ መዳቡን ይመጥጡትና መጠኑን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ከ40 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ ባዶ መስታወት፣ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ የስፖንጅ ማጣሪያና ለመሸሸጊያ የሚሆኑ የፒቪሲ ቧንቧ ቁርጥራጮች ይበቃሉ። ከሰልና አልትራቫዮሌት መብራት አውጡ፤ መድኃኒቱን ያጠፉታል።

በሕክምና ገንዳ ውስጥ ከተውሳኩ ይልቅ አሞኒያ ብዙ ዓሣ ይገድላል። ስፖንጁን ከበሽታ ነጻ በሆነ ገንዳ ውስጥ ለአንድ ወር ያህል አስቀድማችሁ አቆዩት። አሞኒያን በየቀኑ ለኩ፤ 0.25 ሚሊ ግራም በሊትር ሲደርስ ውኃ ቀይሩ። አሞኒያን የሚያስሩ ፈሳሾችን ከመዳብ ጋር በአንድ ውኃ አታገናኙ፤ አብዛኞቹ መዳቡን ይበልጥ መርዛማ ወደሆነ መልክ ይለውጡታል። ይህ ስህተት ገንዳ ሙሉ ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል።

መዳብ፦ ለነጭ ነጠብጣብና ለቬልቬት

የመዳብ ሰልፌት የሚሠራበት ስፋት ጠባብ ነው፦ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም በሊትር። ከ0.15 በታች ተውሳኩ አይሞትም፤ ከ0.25 በላይ ዓሣው ይጎዳል። በሌላ ውሕድ ታስረው የሚሸጡ የመዳብ መድኃኒቶች የሚሠሩት በሌላ መጠን ነው፤ አንዳንዶቹ ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ለሌላው አታውሉ፤ የጠርሙሱን መመሪያ ተከተሉ፣ መለኪያውም ያንን ዓይነት መዳብ የሚያነብ መሆኑን አረጋግጡ።

በመዳብ ሰልፌት ለምትሠሩ ስሌቱ ይኸው። ባለ 5 ውኃ የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ክብደቱ ሩብ ያህሉ መዳብ ነው። 3.93 ግራም በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ ስታሟሙ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም መዳብ ይይዛል። ለ50 ሊትር ገንዳ 0.20 ለመድረስ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ አትጨምሩት፦ በመጀመሪያው ቀን 4፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 3 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ከእያንዳንዱ በፊት ለኩ። የገንዳውን መጠን ስታሰሉ መስታወቱ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ውኃው የያዘውን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ።

ቬልቬት ከሆነ ለሦስት ቀን ዝግታ ጊዜ የለም። ዓሣውን መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ንከሩ፤ ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጥቡት፦ 3 በመቶ ከሆነው 2.5 ሚሊ ሊትር በእያንዳንዱ ሊትር የጨው ውኃ፣ ለ30 ደቂቃ፣ አየር በደንብ እየተነፋ። ከዚያ መዳቡን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 0.15 አድርሱ።

የሕክምናው ቀን መቆጠር የሚጀምረው መጠኑ ከደረሰበት ዕለት ነው። 30 ቀን ሳይወርድ ይቆይ። አንድ ቀን እንኳ ከ0.15 በታች ከወረደ፣ በዚያ ቀን ከሽፋኑ የወጣው ተውሳክ ዓሣ አግኝቷልና ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ውኃ ስትቀይሩ አዲሱን ውኃ አስቀድማችሁ በዚያው መጠን መዳብ አዘጋጁት። ዓሣው ምግብ ከተወ መጠኑን ከመቀነሳችሁ በፊት መለኪያውን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ መዳቡ ከታሰበው በላይ ሆኖ ይገኛል። ማንዳሪን፣ ድንክዬ ኤንጀልና ፓፈር የተባሉትን ዓሦች መዳብ ይከብዳቸዋል፤ ለእነሱ የሚቀጥለውን መንገድ እንመርጣለን።

ያለ መድኃኒት፦ ገንዳ መለዋወጥና ጨው መቀነስ

ነጭ ነጠብጣብ ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ዓሣውን ከገንዳ ገንዳ ማዘዋወር ያድነዋል። ተውሳኩ ዓሣው ላይ የሚቆየው ቢበዛ 7 ቀን ያህል ነው፤ ከወረደ በኋላ ደግሞ ዘሩን ለመልቀቅ ቢያንስ ሦስት ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ በየ72 ሰዓቱ፣ ሳይዘገይ፣ ዓሣውን በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ወደ ተዘጋጀ ሌላ ገንዳ አዛውሩ። አራት ጊዜ በ12 ቀን ውስጥ ስታደርጉት የወረደው ሁሉ ወደኋላ ይቀራል። ተውሳኩ በአብዛኛው የሚወርደው በጨለማ ስለሆነ የጠዋት ማዘዋወር ይሻላል። ከዓሣው ጋር የሚሄደው ውኃ ጥቂት ይሁን። የተለቀቀው ገንዳና ዕቃው ሁሉ ይታጠብ፣ ሙሉ በሙሉም ይድረቅ።

ጨው መቀነስ ሌላው መንገድ ነው። የውኃውን አንጻራዊ እፍጋት (ጨው ከሌለው ውኃ አንጻር ያለውን ክብደት) በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ 1.009 አውርዱና 30 ቀን ያዙት። 1.011 አይበቃም፤ ይህ ሕክምና የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ ባልተስተካከለ መለኪያ ነው። ሪፍራክቶሜትሩን (የጨው መለኪያውን) በማስተካከያ ፈሳሽ ፈትሹ፤ ተንሳፋፊ የፕላስቲክ መለኪያ አትመኑ። በትነት ጨው ስለሚጨምር ውኃውን በየቀኑ ሙሉ። ፒኤቹ ስለሚወርድም በቤኪንግ ሶዳ ደግፉት። ሲያበቃ ጨውን በአንድ ሳምንት ቀስ እያላችሁ መልሱ፤ ዓሣ የጨው መውረድን ከመውጣቱ በተሻለ ይችላል።

በንጹሕ ውኃ ዓሣ ላይ የሚሠራው ሙቀት ከፍ የማድረግ ዘዴ እዚህ አያድንም። የተውሳኩን ዑደት ያፋጥናል፣ የውኃውን ኦክስጅን ይቀንሳል።

ፎርማሊን፦ ለብሩክሊኔላ

37 በመቶ ፎርማሊን፣ 1 ሚሊ ሊትር ለ4 ሊትር የጨው ውኃ፣ ለ45 ደቂቃ። በባልዲ እንጂ በገንዳ አይደረግም። ፎርማሊን ኦክስጅን ስለሚያሟጥጥ የአየር ድንጋዩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኃይል ይንፋ፤ ውኃው ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አይሁን። ዓሣው ሲወጣ ወደ ነበረበት ሳይሆን ወደ ሌላ ንጹሕ ገንዳ ይግባ። በየሁለት ቀኑ እስከ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዩሮኔማ ገና ቆዳ ላይ ከሆነም ይኸው ይሠራል።

ለሰው አደገኛ ነው፤ ካንሰር ያስከትላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። ጠርሙሱ ሥር ነጭ ዝቃጭ ካለ አትጠቀሙበት፤ ብርድ ያገኘው ፎርማሊን የሚፈጥረው ይህ ዝቃጭ ለዓሣ እጅግ መርዛማ ነው።

ትሎችና የአንጀት ተውሳኮች

ፕራዚኳንቴል 2.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ለ50 ሊትር 125 ሚሊ ግራም። ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ በትንሽ ውኃ በደንብ በጥብጣችሁ ጨምሩት፤ አየሩንም ጨምሩ። ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ የተፈለፈሉትን እንቁላል ሳይጥሉ ለመያዝ ሁለተኛ መጠን ግዴታ ነው። ከዚያ ከሳምንት በኋላ ዓሣውን በንጹሕ ውኃ ነክራችሁ ባልዲው ሥር ተመልከቱ። ነጭ ነገር ካለ ሦስተኛ መጠን ስጡ።

የአንጀት ተውሳክ የሚታከመው በምግብ ነው። ባለ ጅራፍ ተውሳክ ከተጠረጠረ በ1 ግራም ምግብ 10 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል ለ5 ቀን ስጡ፤ ክብ ትል ከሆነ በ1 ግራም ምግብ 2 ሚሊ ግራም ፌንቤንዳዞል ለ3 ቀን፣ ከ2 ሳምንት በኋላም ድገሙት። መድኃኒቱን በረዶው በቀለጠ ምግብ ላይ አሹትና በጄላቲን ያዙት፤ አለበለዚያ ዓሣው ሳይደርስ ውኃው ይወስደዋል።

ባዶ የቀረው ዋና ገንዳ

ዓሦቹ ሲታከሙ ዋናው ገንዳ ያለ አንድም ዓሣ መቆየት አለበት። አንድ ትንሽ ጎቢ እንኳ ከቀረ ተውሳኩ ይተርፋል። ለነጭ ነጠብጣብ 76 ቀን፣ ለቬልቬት 6 ሳምንት ጠብቁ፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ረጅሙን ያዙ። ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕና ኮራል እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ተውሳኩ በእነሱ ላይ አይመገብም። በዚህ ጊዜ ከሌላ ዓሣ ካለበት ውኃ የመጣ ኮራል ወይም ቀንድ አውጣ ካስገባችሁ ግን ሽፋን ውስጥ ያለ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ቆጠራው ከዚያ ቀን ይጀምራል። ዩሮኔማ ባክቴሪያ እየተመገበም ስለሚኖር ገንዳን ባዶ ማድረግ አያጠፋውም፤ እሱን የሚከለክለው አዲስ ዓሣ ሁሉ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ታይቶ ሲገባ ነው።

ለሁለቱ ገንዳዎች የተለያየ መረብ፣ የተለያየ ባልዲና የተለያየ ቱቦ ይኑራችሁ። በአንዱ የገባ እጅ ታጥቦና ደርቆ ብቻ ወደ ሌላው ይግባ። የቬልቬት ተውሳክ ከሚፈናጠር የውኃ ጠብታ ጋር በአየር ስለሚሄድ፣ የሕክምናው ገንዳ ከዋናው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከተቻለም በሌላ ክፍል ይሁን። ሥራችሁንም ሁልጊዜ ከዋናው ገንዳ ጀምሩና የታመሙትን በመጨረሻ ተመልከቱ።